መልስ የማይሰጥ ድምፅ

ከቡታጅራ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ኬላን፣ ቡኢንና ጢያን አልፎ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገርና በአለም ገና በኩል ይገባል። ሚኒባስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ ጉዞ አንድ አጭር ልቦለድ ያስጨርሳል፤ ረጅሙ ግን መመለሻውንም ይፈልጋል። ዱሮ ተሳፋሪው የሚሰማው ሹፌሩ የከፈተውን ነበር። ዛሬ ኢርፎኑን የሰካው ሁሉ የየራሱን ይሰማል።

ከነዚህ አድማጮች አንዷን እናስብ። የማረቆ በርበሬ ወደ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ የምታመላልስ ነጋዴ ናት እንበል፤ በልጅነቷ ቁርኣን የቀራች፣ አስኳላውን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ መጽሐፍ ይዛ ለመቀመጥ ጊዜ ያጣች። ስልኳ ላይ ያለው ስብስብ ግን በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሆኖ እምብዛም አይታይም። «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። «ኦሮማይ» አለ። ሀብታም ስለመሆን የሚመክረው የሮበርት ኪዮሳኪ መጽሐፍ በትርጉም አለ። የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ አለ። የግብፃዊው ቃሪእ (የቁርኣን አንባቢ) የማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቁርኣንም አለ። ግማሹ በቴሌግራም የተላከላት፣ ግማሹ የወንድሟ ልጅ የጫነላት ነው። ሴትዮዋ የታሰበች ናት፤ እንዲህ ያለው ቅልቅል ግን ብርቅ አይደለም።

ስለ እንዲህ ያለ አድማጭ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው «ማዳመጥ እንደ ማንበብ ይቆጠራል ወይ?» የሚለው ነው። ይህኛው ቀላሉ ጥያቄ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘጠኝ ሰዎች አንድ ዓይነት ታሪኮችን አንድ ጊዜ እየሰሙ፣ ሌላ ጊዜ እያነበቡ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ ለክተው ነበር። የቃላት ትርጉም የሚስተናገድበት ሁኔታ በሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ተገኘ። በዓይንም ይግባ በጆሮ፣ ነገሩ ገብቷል። የሚከብደው ጥያቄ ሃይማኖቶች ከሳይንቲስቶቹ ብዙ ዘመን ቀድመው የተነጋገሩበት ነው፤ በጆሮ የገባን ቃል ማን ይጠየቅበታል?

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ አንባቢ አላጣም፤ ከአንባቢ ክበብ ወጥቶ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ቤት የገባው ግን የቴአትር ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ባለታሪኩ በዛብህ ሰብለ ወንጌል ቤት የሚገባው ሊያስተምራት ነው፤ ፍቅራቸው የበቀለው በትምህርት ገበታ ላይ ነው። በአገሪቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ስለ መማር የተጻፈውን ይህን ፍቅር ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች በጆሯቸው ተከትለው ማልቀሳቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ያ ትረካ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ጉዱ ካሳን እንውሰድ። ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው፣ የጌቶችን ሥርዓት እየተቸ የሚናገር ሰው ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ንግግሩን እንደ ቀልድ፣ እንደ ትንቢት ወይም እንደ ምሬት ሊያነበው ይችላል፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን። ተራኪ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ወጋየሁ መረጠ፤ ምርጫውም እጅግ ያማረ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ገጹን የገለጠ ብዙ ሰው የሚሰማው የእሱን ድምፅ ነው። የሰብለ ወንጌል አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣም እንደዚያው። በአንድ በኩል ስጦታ ነው፤ በሌላ በኩል መጽሐፉ ከነበሩት በሮች አንዱ ብቻ ክፍት ቀረ።

ሬዲዮው ግን የኋለኞቹ ቅጂዎች የሌላቸው አንድ ነገር ነበረው። ታሪኩን በክፍል በክፍል እየቆረጠ ነበር የሚሰጠው። ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ ሰው ቡና ላይ ይከራከራል፤ ጉዱ ካሳ እብድ ነው ወይስ ከሁሉም ብልጥ? በዛብህ ፈሪ ነው? አድማጩ በዚያ ክፍተት ተሟጋች ይሆናል። የዛሬው ቅጂ ሁሉንም በአንድ ላይ ያስረክባል፤ አንዱ ክፍል ሳያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል፤ ለቸኮለ ሰው ፍጥነት መጨመሪያም አለው። (ጉዱ ካሳን በአንድ ተኩል ፍጥነት መስማት ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።)

ሃይማኖት ጆሮን ያስቀደመው መጽሐፍ ስላጣ ብቻ አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እምነት የሚመጣው በመስማት መሆኑን አስተምሯል። በእስልምናም ወሕዩ (መለኮታዊው ራእይ) የወረደው በሚነበብ ድምፅ ነው፤ ቁርኣን ሲቀራ ዝም ብሎ ማዳመጥም ትእዛዝ ነው። ያም ሆኖ ሁለቱም ወገኖች ጆሮን ብቻውን አልተዉትም።

በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ንባብ ቤት ሲገባ የኔታ ፊት ያነብባል፤ የኔታ ከስህተቱ ይመልሱታል። ሲመሽ የቃል ትምህርት አለ፤ መጽሐፍ ሳይገለጥ ከአፋቸው እየተቀበለ ይይዛል። ብዙ ዓመት ቆይቶ ትርጓሜ ቤት ሲደርስ ደግሞ ያ በልጅነት የተሸመደደው ቃል ይፈታል። የመጽሐፍ ትርጓሜው አንድ ንባብ ሰጥቶ አይዘጋም፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ይደረድራል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንትም በአፈታት የሚለያዩበት ቦታ አለ። የጉዱ ካሳ ተራኪ ያልተፈቀደለት ነገር እዚህ የትምህርቱ ሥርዓት ነው።

አል-ሑሰሪን በተመለከተ የነጋዴዋ ስልክ ትልቅ ታሪክ ይዟል። ቁርኣንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በረጋ ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ያስቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ዘመኑ 1961 እ.ኤ.አ. ነበር። የቁርኣን ንባብ ከልቦለድ ትረካ የሚለይበት ነገር ግልጽ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል መውጫ፣ የእያንዳንዱ ሳቢ ርዝመት፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚቀጠል በተጅዊድ፣ በአቀራር ሥርዓቱ ሕግ፣ የተወሰነ ነው። ቃሪኡ እንደ ወጋየሁ ገጸ ባሕርይ አይፈጥርም፤ ዜማው ሊያምር ይችላል፣ ሕጉን ግን አይዘልም። ተቀባይነት ያላቸው የአቀራር ስልቶችም በመምህራን ሰንሰለት የተላለፉ ናቸው፤ ዛሬ በብዙው ዓለም የሐፍስ፣ በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ የወርሽ ይቀራል። ከሁሉም የሚገርመው ይህ ነው፦ አንድ ሰው የአል-ሑሰሪን ቅጂ ሺህ ጊዜ ቢሰማ፣ ቢሸመድድም እንኳ ኢጃዛ (የማስቀራት ፈቃድ) ለማግኘት ኡስታዝ ፊት ተቀምጦ መቅራትና መታረም አለበት። ነጋዴዋ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልጋትም። ልጅ ሆና ሉሁን (የእንጨት ሰሌዳውን) ይዛ ስትቀራ ኡስታዙ በአንዲት ፊደል ምክንያት ከመጀመሪያው ያስጀምሯት ነበር። ቅጂው ግን አያርማትም። አብራው ተሳስታ ብትቀራ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

በአራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ ሚላኖ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ይህን በሌላ አቅጣጫ ያሳያል። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጳጳሱ አምብሮስዮስ ድምፅ ሳያወጡ በዓይናቸው ብቻ ሲያነቡ እንዳያቸውና እንደተገረመ ይጽፋል። ለምን ይሆን ብሎ ሲገምት ከሰጣቸው ምክንያቶች አንደኛው ሳቅ ያጭራል፤ ጮክ ብለው ካነበቡ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አስቸጋሪውን ቦታ እንዲያብራሩለት ሊጠይቃቸው ነው፣ ጊዜያቸውም ሊያልቅ ነው። በዚያ ዘመን ድምፅ የጥያቄ በር ነበር። ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ተጠያቂ ይሆናል፤ ሰላም የፈለገ በዓይኑ ያነብባል። የኢርፎኑ ድምፅ ግን ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ተጠያቂ ግን አይሆንም።

እንዲህ ያለውን ቃል ከጥንት ከከሰሱት አንዱ ፕላቶን ነው፤ የከሰሰውም ጽሑፍን ነው። «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስ የግብፅን ተረት ይነግረናል። ቴውት የተባለው አምላክ ፊደልን ፈጥሮ ለንጉሥ ታሙስ ሲያቀርብ ንጉሡ አልተደሰተም፤ ሰው በፊደል ተማምኖ ማስታወስ ይተዋል አለ። ሶቅራጥስ የሚጨምረው ክስ ከዚህ ይብሳል። የተጻፈ ቃል ብትጠይቀው ያንኑ ይደግማል፤ ራሱን መከላከል አይችልም። ሃያ አራት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ መጽሐፍ ድምፅ ሲያገኝ ሰው ነገሩ የዳነ መሰለው። አልዳነም፤ ድምፁም ብትጠይቀው ያንኑ ይደግማል። እንዲያውም ሰው ስለሚመስል የማይመልስ መሆኑ ይረሳል። ገጽ ላይ ያለ ቃል ቢያንስ እስኪገለጥ ይጠብቃል፤ ጣት ገጹ ላይ ቀርቶ ዓይን ሊነሳና ሊያስብ ይችላል። ትረካ ካላስቆሙት አይጠብቅም።

በነጋዴዋ ስልክ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው በሁለት ሥራዎች ነው። የኪዮሳኪ መጽሐፍ በጆሮ ሲገባ ማር ነው። ምክሩ አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ ለሚያመነታ ሰው ቦታ አይሰጥም። መጽሐፉ በ1997 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ «ሀብታሙ አባት» በእውን የነበረ ሰው ነው ወይ የሚል ክርክር ሲነሳ ኖሯል፤ የሚያምን ድምፅ ሲተርከው ግን ማንም አይጠራጠርም። በርበሬ ነጋዴዋ ስለ ሂሳብ የራሷ ብዙ እውቀት አላት፤ ብድር ጥሩ ነው ሲላት «ለማን?» ማለት ትችል ነበር። ጥያቄዋ ሳያልቅ ሦስት ዓረፍተ ነገር አልፏል።

የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ተቃራኒው ነው። ጸሐፊው ሁሉን መርምር ይላል፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ሕግ፣ ጾሙንም ጋብቻውንም እየጠቀሰ ይተቻል። ለሃይማኖተኛ አድማጭ ይህ ያስቆጣል፤ ሊያስቆጣም ይገባል። መርምር የሚል መጽሐፍ ግን እንዳይመረመር በሚያደርግ መንገድ ሲደርስ ምን ይባላል? በዚያ ላይ የመጽሐፉ ባለቤት ማን ነው የሚለው ራሱ አከራካሪ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ሐተታውን የጻፈው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የነበረው ካፑቺናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ከተከራከረ ወዲህ ነገሩ አልበረደም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለዘርዓ ያዕቆብ ቆመው ተሟግተዋል። ጥንቁቅ ኅትመት ይህን በመግቢያው ያነሳል። በስልክ የሚዞር ቅጂ ግን መግቢያውን ዘልሎ ሊጀምር ይችላል።

«ኦሮማይ» ከሁሉም በላይ ጆሮ ይወዳል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ልቦለድ የሚነገረው በጋዜጠኛው ፀጋዬ አንደበት ስለሆነ ተራኪው ባለታሪኩን ለመሆን ብዙ አይቸገርም። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የደረሱበት ሳይታወቅ መቅረታቸውን የሚያውቅ አድማጭ ያንን ድምፅ ሌላ ዓይነት ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ጆሮ ታዛዥ ብቻ ነው ያለ ሰው ጣሃ ሑሴንን ይዘነጋል። ግብፃዊው ደራሲ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፍቶ ቁርኣንን በመንደሩ ኩታብ (የቁርኣን ትምህርት ቤት) በጆሮው ያዘ፤ አል-አዝሀርም የተማረው እየሰማ ነው። ያ ሰው በ1926 እ.ኤ.አ. ከእስልምና በፊት የነበረው የዐረብ ግጥም እውነተኛነቱ ይመርመር ብሎ ባወጣው መጽሐፍ ሳቢያ እስከ ዐቃቤ ሕግ የደረሰ ውዝግብ አስነሳ። በጆሮ የተማረ ሰው የዘመኑ ትልቅ ጠያቂ ሆነ ማለት ነው። ግን ያነበቡለት ሁሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሸይኾቹን ይሟገታቸው ነበር፣ ባለቤቱ ሱዛን መጽሐፍ ሲያነብቡለት ቆም በሉ ማለት ይችል ነበር። በእኛም አገር ዓይነ ስውር የቅኔ መምህራን እንግዳ አይደሉም። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነትም ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍት በሚመቻቸው መልክ እንዲዘጋጁ በር የሚከፍት ነው። ለእነሱ ማዳመጥ እንደ ማንበብ አይቆጠርም ማለት ስድብ ነው። የጎደለው ገጹ አይደለም፤ «ቆይ፣ ይህ አልገባኝም» ሲባል የሚቆም ሰው ነው።

የሚቆም ሰው ካልን፣ ለጉራጌ አንባቢ የሚቆጭ አንድ ነገር አለ። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ ሺንጋ መንደር የጻፈውን ልቦለድ በመጀመሪያ የጻፈው በቸሃኛ ነበር፤ ዓለም ያወቀው ግን ቮልፍ ሌስላው ተርጉሞት በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በወጣው እንግሊዝኛ ነው። ለመተረክ የተፈጠረ መጽሐፍ ካለ ይህ ነው። አንድ ቀን በቸሃኛ ቢቀዳ ደግሞ ለቡታጅራዋ ነጋዴ ከባድ ይሆንባታል፤ በዙሪያዋ የሚነገረው መስቃንኛ፣ ስልጥኛ፣ ማረቆኛና ክስታንኛ ነውና ግማሹ ያመልጣታል። ከወልቂጤ በኩል የመጣ ጎረቤት ጠርታ፣ ኢርፎኑን ነቅላ፣ በየመሐሉ እያስቆመች «ምን አለ?» ማለት ይኖርባታል፤ ጎረቤቱም እሱ ያለውን ሲነግራት «እንዲህማ አይልም» ብላ ልትከራከረው ነው።