አዲስ ዝርያ የማን ነው?

ከደራ ወረዳ ዋና ከተማ ከአንበሳሜ ተነስቶ ወደ ጣና ዳርቻ የሚወርድ ሰው ጤፉና ዳጉሳው እየሳሳ፣ ሩዙ እየበዛ ሲሄድ ያያል። በዚህ ሜዳ ለረዥም ዘመን የገነነው ሩዝ ኤክስ ጅግና ይባላል። ስሙን ያገኘው ደራ ውስጥ ካለው ከጅግና ነው፤ ሩዙ ግን የደራ ተወላጅ አይደለም። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ በጅግና፣ በፎገራ ደግሞ በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ማሳ ላይ ሩዝ ባስጀመሩበት ዘመን የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው ብርዱን ቻለ። ፍሬው ነጭ ስለሆነ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ገለባውም ለከብት ተረፈ። ገበሬው ከምርቱ ለዘር እያስቀረ፣ ከጎረቤቱም እየተለዋወጠ አስፋፋው። ተመራማሪዎችም አዲስ ሩዝ ሲሞክሩ ማወዳደሪያ አድርገውታል።

ታዲያ ይህ ሩዝ የማን ነው? መጀመሪያ ያዳቀለው ሰው ነው? ያመጣው ነው? ወይስ ክረምት በመጣ ቁጥር መርጦ የዘራው?

ጥያቄውን ለሕግ ባለሙያ ብቻ መተው አይበቃም፤ ከሥሩ ሰው ፈጣሪ ይባላል ወይ የሚል የጥንት የሃይማኖት ጥያቄ አለበትና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ፍጥረትን በሁለት ወገን ይከፍለዋል፤ አንዱ ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ነው፣ ሌላው ግብር እምግብር፣ ማለትም ቀድሞ ከተፈጠረው የተገኘ ነው። አዝርዕትና አትክልት ማክሰኞ ከምድር የተገኙ ናቸው። በትምህርቱ መሠረት ሰብል ራሱ ከባዶ አልተጀመረም። ሰው የሚያዳቅለው ደግሞ ከዚህ በኋላ፣ ፍሬ አፍርቶ፣ በሺህ ገበሬ እጅ አልፎ የደረሰውን ነው።

ቁንጮ የተባለውን ጤፍ እንውሰድ። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው፤ አበባውም እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለብዙ ዘመን በእጅ ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ በማይክሮስኮፕ እያየ፣ በቀጭን ወረንጦ ሦስቱን የብናኝ ከረጢቶች ሳይፈነዱ ነቅሎ ያወጣል። በማግስቱ ማለዳ ከሌላው ጤፍ ብናኝ አምጥቶ ላባ በሚመስለው የሴቴ ጫፍ ላይ ያሳርፋል። እጁ ከተንቀጠቀጠ አበባዋ ትሞታለች። ከተሳካለት የሚያገኘው አንዲት ፍሬ ነው፤ እንዲህ ያለው ፍሬ አንድ ግራም እንዲሞላ ከ2,500 በላይ ያስፈልጋል።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ቁንጮን ያገኘው ምርታማውን ዱከምንና በንጣቱ የሚወደደውን ማኛን አዳቅሎ ነው። ተወላጆቹ ለብዙ ትውልድ ተዘርተው፣ ተለቅመው፣ በየአካባቢው ተሞክረው ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። ዱከም በምርምር መዝገብ ዲዜድ-01-974፣ ማኛ ደግሞ ዲዜድ-01-196 ነው። 01 የሚለው ቁጥር ከገበሬ ነባር ጤፍ የተመረጠ መሆኑን ያመለክታል፤ ፊደሎቹም ደብረ ዘይትን። ዘሩን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ በመለያው ውስጥ ቦታ የለውም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ ለዘይቱ በስፋት የሚተከለው ግሮሶ የተባለ ዲቃላ ላቬንደር የተገኘው በሽታ ከመታው ማሳ ጤነኛ ሆኖ ከተረፈ ተክል ነው። ፒየር ግሮሶ የተባለ ገበሬ አየው፣ ለየው፣ አባዛው። ዲቃላው ዘር ስለማይሰጥ እስከ ዛሬ የሚራባው በቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። የግሮሶ ትልቅነት በማየቱ ነው፤ ተክሉን እሱ አልፈጠረውም።

እርግጥ አዳቃይ ዓመታቱንና ዓይኑን ይከፍላል፤ ለድካሙም ዋጋ ይገባዋል። ለድካም ዋጋ መክፈል ግን አንድ ነገር ነው፤ ሕይወት ያለውን ነገር ብቻዬን ልያዘው ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ይህን በጤፍ አይታለች። በ1997 ዓ.ም. ጥቅም ለመጋራት ውል የፈረመ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፓተንት መብት ያዘ። የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ያንን መብት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሻረውና ዜናው ለኢትዮጵያ የደረሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። እናቶች ለስንት ዘመን ሲያቦኩት የኖሩት ዱቄት ለፍርድ መቅረቡ ራሱ ያሳዝናል።

የአገሪቱ ሕግ መልሱን ጀምሮታል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትን ባለቤትነት ደግሞ ለዕውቀቱ ባለቤት ማኅበረሰብ ሰጥቷል። የቀረው መልሱን ወደ ዝርያ መዝገቡ ማውረድ ነው። አዲስ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት 10 ሜትር በ10 ሜትር ማሳ ላይ ተዘርቶ በገምጋሚዎች ይታያል፤ ሲለቀቅም በመዝገቡ ገጽ ላይ ያወጣው ማዕከል ስም ይጻፋል። የምርምር ማዕከላት በዚያው ገጽ ላይ ወላጅ ዘሩ የተሰበሰበበትን ቀበሌ፣ ፈቃደኛ ከሆነም የሰጠውን ገበሬ ስም ይጻፉ። ለዚህ አዲስ ሕግም ሆነ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።