«አትናገር» ማለት መቼ ወንጀል ይሆናል?

በቅርቡ በእኛው መካከል የተፈጸመ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ሲያከራክረን ቆይቷል። ክርክሩ አልተቋጨም። ይሁን እንጂ የደረስንበትን ያህል በዚህ ገጽ ብናሰፍረው ሌላውም ወጣት ያስብበታል ብለን ብዕራችንን አነሣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ ከከፊራ ገበያ ወደ ደቻቱ ድልድይ ሰባት ሆነን ስንጓዝ፣ ጓደኛችንን አንድ ፖሊስ አስቁሞ ሲጠይቀው አገኘነው። አጠገባቸው አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት ቆመው ያለቅሳሉ። የገንዘብ ከረጢታቸውን አንድ ልጅ ነጥቋቸው ሮጧል። ይህን ሁሉ ግን የሰማነው በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት የታየን ጓደኛችንና የፖሊሱ መለዮ ብቻ ነበር። «አትናገር! መብትህ ነው!» እያልን ጮኽን። አንዳችን በሁለቱ መካከል ገብቶ ቆመ። ሌላችን ደግሞ «ከሰዓት ጀምሮ ከእኛ ጋር ነበር» ብሎ መሰከረ፤ እውነቱ ግን ልጁን ካገኘነው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሰው ተሰበሰበ፣ ባጃጆች ጡሩምባቸውን ነፉ፣ ፖሊሱም ጥቂት ታግሦ መንገዱን ቀጠለ። ድል ያደረግን መስሎን ስንስቅ ጓደኛችን «የሮጠውን ልጅ እኮ መልኩን አይቼዋለሁ፤ ልናገር ስል ነው የጮኻችሁት። ከዚያ በኋላ ብናገር ጆሮ ጠቢ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በፖሊስ ለሚጠየቅ ወንድም መቆም እስከ ምን ድረስ ተገቢ ነው? ከየትስ ጀምሮ ሥራ ማሰናከል፣ አልፎም ወንጀል ይሆናል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይደነግጋል። ከዚያ አስቀድሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ጽፏል። ስለዚህ «መብትህ ነው» ማለታችን ብቻውን ጥፋት አልነበረም። መርማሪው ራሱ ለተጠርጣሪው ሊነግረው የሚገባ ቃል ነውና። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 30 ስለ ወንጀሉ የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ ራሱን ለክስ ከሚያጋልጠው ነገር በቀር፣ እውነቱን እንዲመልስ ያዛል። አንቀጽ 31 ደግሞ ለመርማሪው ማስፈራራትንና ማባበልን ከከለከለ በኋላ፣ ማንም ሰው፣ ፖሊስም ሆነ ሌላ፣ በፈቃዱ ቃሉን ሊሰጥ የወደደን ሰው በማናቸውም መንገድ እንዳይከለክል ወይም ተስፋ እንዳያስቆርጥ ይላል። ይህችን ንዑስ አንቀጽ ከሰባታችን የሚያውቃት አልነበረም። ጓደኛችን ተጠርጣሪ መሆኑን ወይስ ምስክር መሆኑን እንኳ ሳንጠይቅ አፉን ዘጋንበት።

በእንግሊዝ አገር በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተወሰነ አንድ የታወቀ ፍርድ አለ። በግሪምስቢ ከተማ ራይስ የተባለ ሰው በሌሊት ሲሄድ ፖሊሶች አስቁመው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁት አልመልስም አለ፤ ሥራ አሰናክሏል ተብሎም ተፈረደበት። የበላዩ ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ሻረ። የዳኛው ሐሳብ ባጭሩ፣ ፖሊስን መርዳት የኅሊና ግዴታ ቢሆንም የሕግ ግዴታ ግን አይደለም፤ ዝም በማለትና ሐሰት በመናገር መካከልም ሰፊ ልዩነት አለ የሚል ነበር። የአገራችን ሕግ ምስክርን በተመለከተ ከዚያ ይጠብቃል። የሆነ ሆኖ «ከእኛ ጋር ነበር» ያለው ወንድማችን ይህን ፍርድ ስናነብ አንገቱን ደፋ።

በመካከል የገባውስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን ከሥራው በኃይል ወይም በዛቻ ማሰናከልን ይቀጣል። እርሱ አልገፋም፣ አልዛተም፤ ግን ሰባት ጎረምሳ ከብቦ ሲጮኽ ዛቻው ከየት እንደሚጀምር ፖሊሱን ሳይጠይቁ ማወቅ ይቻላል? በዚህ ላይ አሁንም አልተስማማንም።

ደግሞ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ወላጆቻችን ለመርማሪ መናገርን እንደ ክህደት ቢቆጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ አንድ የወጣ ስም የሰው ሕይወት ነበር፤ ያን ጊዜ ዝም ያለ ሰው ነፍስ አድኗል። እኛ ግን የዚያን ዘመን ፍርሃት እንዳለ ወርሰን የሽንኩርት ሻጯን ከረጢት ሸፈንበት።

አንዱ ጓደኛችን «ፖሊሱ በጥፊ ቢመታውስ ኖሮ?» ሲል ሞገተ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚደበድብ መርማሪ ሕግ የሰጠውን ሥራ እየሠራ አይደለምና። ያም ሆኖ ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት፣ ያውም በግፍ በሚያዘው በጌታው ፊት፣ ሰይፍ ቢመዝ እንዲመልስ ታዘዘ። ጳውሎስ ግን ለግርፋት ታስሮ ሳለ፣ ያልተፈረደበትን የሮም ዜጋ መግረፍ ተፈቅዶ እንደ ሆነ የመቶ አለቃውን ጠየቀው። በዚያ አንድ ጥያቄ ምርመራው ቆመ። እኛም «ጌታዬ፣ ልጁን የያዙት በምን ነው? ተጠርጥሮ ነው ወይስ ለምስክርነት?» ብለን በርጋታ ብንጠይቅ ማንም አሰናከላችሁ ባላለን ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨን ይህ ነው፦ እኚያ እናት የሚናገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ ፖሊሱ አልገባውም። ከመካከላችን ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር አንድ ልጅ ነበረ። እርሱም ከእኛ ጋር ይጮህ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጓደኛችን ያየውን ሊናገር ሄደ። ኦሮምኛ የሚያውቀው ልጅ እናትየዋን ፈልጎ ይዟቸው መጣና ሲያስተረጉም ዋለ። የቀረነው ከበሩ ውጭ በጥላው ሥር ቆምን። አንድ ፖሊስ ወጥቶ ምን እንደምንፈልግ ሲጠይቀን «ምንም፤ ጓደኛችንን እየጠበቅን ነው» አልነው።