የት ላይ ነው የሚታነቀው?

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያደጉ ልጆች መጀመሪያ ጣታቸውን ካሳረፉባቸው ኮምፒውተሮች አንዱ «ሰኽር» ነበር። መሐመድ አል ሻሪኽ በ1982 ኩዌት ውስጥ የመሠረተው ድርጅት፣ ኤምኤስኤክስ የሚባለውን የጃፓን ኮምፒውተር አረብኛ እንዲጽፍና እንዲያነብ አድርጎ ሳዑዲን ጨምሮ ለአካባቢው ገበያ አቀረበው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 3.58 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር፤ ማስታወሻውም የሚቆጠረው በኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። እንዲያም ሆኖ ጌም ይሠራለት ነበር፣ ለዚያውም ጥሩ ጌም።

ለዚሁ የኮምፒውተር ቤተሰብ ሁለተኛ ትውልድ በ1987 የተሠራው «ሜታል ጊር» አሮጌ ዴስክቶፕ ይዞ ለሚቸገር ሰው ዛሬም ብዙ ያስተምራል። ኮናሚ ኩባንያ ውስጥ ገና ጀማሪ የነበረው ሂዴዎ ኮጂማ የታዘዘው የውጊያ ጌም እንዲሠራ ነበር። ማሽኑ ግን በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ስፕራይት፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ማሳየት አይችልም። ዘጠነኛው ከስክሪኑ ይጠፋል። ወታደሩም ጥይቱም ከዚሁ ከስምንቱ ላይ ነው የሚቆረጠው። ጦር ሜዳ ሙሉ ሰው ሊያሳይ እንደማይችል የገባው ኮጂማ ነገሩን ገለበጠው፤ ጀግናው ከሚተኩስ ይልቅ የሚደበቅ ሆነ። ጠላት ጥቂት ነው፣ ግን ካየህ አለቀልህ። ተደብቆ የመግባት ጌም ስሙን የተከለው ከዚህ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ሽሪቭፖርት ከተማ፣ ሶፍትዲስክ የተባለ ድርጅት ተቀጣሪ የነበረው ጆን ካርማክ ሌላ ግድግዳ ገጠመው። የቢሮ ፒሲ እንደ ኒንቴንዶ የጀርባውን ምስል ሳያንገራግጭ ማንሸራተት አይችልም ነበር። ካርማክ ማሽኑን የሚያደክመው ምን እንደሆነ ለይቶ አገኘው፤ ጀግናው ፈቀቅ ባለ ቁጥር ስክሪኑ በሙሉ እንደ አዲስ ይሳላል። ሰማዩ ያው ሰማይ ከሆነ ለምን ዳግመኛ ይሳላል? የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ እየሳለ፣ የቀረውን የግራፊክስ ካርዱ እንዲያንሸራትተው አደረገ። በሴፕቴምበር 1990 ከቶም ሆል ጋር አንድ ሌሊት ሠርተው የኒንቴንዶውን ጌም የማሪዮን የመጀመሪያ ምዕራፍ በፒሲ ላይ አሳዩ፤ በዲሴምበር 14 «ኮማንደር ኪን» ወጣ። ፒሲው ያው የቢሮ ፒሲ ነበር።

ሁለቱም «ማሽኑ ደካማ ነው» ብለው አላቆሙም። የት ጋ እንደሚደክም ለይተው ያዙት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው። ጌሙ ሲቆራረጥ ራም ይጨምራል፤ አልሆን ሲል ዊንዶውስ ያስጭናል፤ ከዚያ ካርድ ይገዛል። ሪያሉ ያልቃል፣ ጌሙ መቆራረጡን አይተውም።

በሳዑዲዋ ጂዛን ደግሞ ሌላ ቦታ በዋዛ የሚታለፍ ነገር አለ፤ ሙቀት። ከሰብያና ከአቡ አሪሽ እስከ ሳምጣና በየመን ድንበር እስካለችው ጡዋል ድረስ ያለው በቀይ ባሕር ዳር የተዘረጋ ቆላ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀኑ 40 ዲግሪን ይነካል፣ ሌሊቱ እፎይ አያሰኝም፣ አየሩ በእርጥበት ከብዷል፣ ነፋሱም አቧራ ይዞ ይመጣል። የፕሮሰሰር ሙቀት በክፍሉ ሙቀት ላይ ነው የሚደመረው። 23 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 75 የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል 90 ገደማ ይገባል። ወደ 100 ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጌሙ ሲከፈት ሸጋ ሆኖ ይጀምራል፣ ከደቂቃዎች በኋላ መንቀራፈፍ ያመጣል። ያንኑ ኮምፒውተር ቡና ወደሚበቅልበት ወደ ፊፋ ተራሮች ቢያወጡት ማንም ሳይነካው ይሻለዋል።

ከቢሮ ወጥቶ በሀራጅ የተሸጠ ዴል ወይም ኤችፒ የጎኑን ክዳን ሲከፍቱት፣ ከፋኑ ሥር ያሉት የሂትሲንኩ፣ ማለትም የሙቀት ማስወጫው፣ ስስ ብረቶች መሐላቸው አይታይም፤ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ለብሷቸዋል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ከዚያ ሂትሲንኩ ይነሣል። ሥሩ ያለው ቴርማል ፔስት ከዓመታት ብዛት ደርቆ ይፈረፈራል፤ በአልኮል ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ይደረግበታል። ባሕሩ ቅርብ ከሆነ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ ማሸት አይከፋም። ይህ ሁሉ ከአንድ ራት ዋጋ አይበልጥም፣ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው።

ከጽዳቱ በኋላ መመርመር ይመጣል። የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርዱት። በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በአንድ ምስል፣ የሚሳለው ነጥብ ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበረው ወደ 922 ሺህ ይወርዳል። በሴኮንድ የሚሠራው የፍሬም ቁጥር ዘሎ ከወጣ፣ የሚታነቀው ግራፊክሱ ነው፤ ጥላውንና የውሃውን ነጸብራቅ ቀንሱለት። ካልተነቃነቀ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋ ነው፤ ከኋላ የተከፈተውን ብራውዘር ዝጉ፣ በጌሙ ውስጥ የሕዝቡን ብዛትና የእይታውን ርቀት አሳንሱ። ኮጂማ ወታደር የቀነሰው በሌላ ምክንያት ይሁን እንጂ መንገዱ አንድ ነው።

የካርማክም መንገድ አለ፤ የማያስፈልገውን አለመሳል። 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በሴኮንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም። ማሽኑ 110 ፍሬም እየሠራ ከሆነ 50ው ማንም ሳያየው ሙቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፍሬሙን 60 ላይ ገድቡት፤ በጂዛን አየር ውስጥ ይህች አንዲት ሰቲንግ ፋኑን ከመጮኽ ታሳርፈዋለች።

ራም መጨመር የሚጠቅመው ሲሞላ ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን ግን አንድ ባለ 8 ጊጋ ከሚሰካ ሁለት ባለ 4 ቢሰካ ይሻላል፤ ግራፊክሱ ከራሙ ስለሚበደር ሁለት መንገድ ያገኛል። ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል፣ መሐል ላይ የሚያቋርጠውንም ያቃልላል፤ ፍሬም ይጨምርልኛል ብሎ የገዛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያዝናል። የጌሙ ምርጫም ራሱ መፍትሔ ነው። ሜታል ጊርን ያወጣው ኮናሚ የሠራው ፔስ 2013፣ የሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ባለው ማሽን፣ ሪዞሉሽኑ ዝቅ ብሎ፣ ያለ ካርድ ይሄዳል።

ካርድ የሚገዛው ሁሉም ተሞክሮ ግራፊክሱ ጠቦ ከተገኘ ነው። ትንንሾቹ የቢሮ ኬዞች ፓወር ሰፕላያቸው ብዙውን ጊዜ 240 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ 75 ዋት የሚበቃው እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያለ፣ ቁመቱም አጠር ያለ ይመረጥ። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ ከኋላው ያለችውን 115 እና 230 የተጻፈባትን ቀይ የቮልት መቀየሪያ ሳታዩ አትሰኩት። ሳዑዲ በ2010 ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር ብትወስንም፣ በቆዩ ቤቶች 127 እና 220 ቮልት ሶኬቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። መቀየሪያዋ 115 ላይ ሳለች ገመዱ 220 ላይ ከገባ፣ ያ ሁሉ የተጠረገና የተለካ ማሽን በአንድ ድምፅ ያልቃል።