የነርቭ ብርሃንና የልብ ኒያ

አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ከለገሳቸው ጸጋዎች አንዱና ታላቁ ዐቅል ነው። ሸሪዓም ተጠያቂነትን ያሰረው በእርሱ ነው። ታዲያ ዛሬ ተመራማሪዎች የአንጎል ሕዋስ ሲሠራ በብርሃን እያዩት ከሆነ፣ የሰው ሥራ ሁሉ የነርቭ ሥራ ብቻ ነው፣ ኒያ የሚባል ነገር የለም ማለት ነውን?

ነገሩ የተጀመረው ከባሕር ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን ከጄሊፊሽ ለይቶ አወጣ። ይህ ሰው በ16 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ናጋሳኪ ላይ የፈነዳው የአቶሚክ ቦምብ ብልጭታ ለጊዜው ዓይኑን ጋርዶት ነበር። ስለ ፕሮቲኑም እ.ኤ.አ. በ2008 ከሁለት አሜሪካውያን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ፕሮቲኑን ካልሲየም ከሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ጋር አዋሕደው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ጂካምፕ የተባለውን ጠቋሚ ሠሩ። ነርቭ ሲነቃ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል፤ ጠቋሚውም ይደምቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዶፓሚንን የሚያሳዩ ጠቋሚዎች ተሠሩ። በእነዚህ አማካይነት የሚጥል በሽታና የፓርኪንሰን ሕመም በአይጦች አንጎል ላይ ይጠናሉ።

ይሁን እንጂ ጠቋሚው የሚያሳየው ካልሲየምን ነው እንጂ ኒያን አይደለም። ለአላህ ብሎ የሚሰድቅም፣ ለይዩልኝ የሚሰድቅም እጁን የሚዘረጋው በነርቭ ነው። ነርቭ መሥራቱን ማወቅ ሠሪውን መመዘን አይደለም። ሚዛኑ የአላህ ነው።

ይልቁንስ ይህ እውቀት የሚወቅሰው እኛን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መንገድ ላይ ሲወድቅ ስንቶቻችን ሸሽተን ቆመናል? ስንቱንስ «ጂን ነው» ብለን ከሐኪም አስቀርተናል? ስንቷ እናት ጎረቤት እንዳይሰማ ልጇን ጓዳ ደብቃለች? በጂን መኖር እናምናለን፤ ነገር ግን ይህ እምነት ሕመምተኛን ከሕክምና ለማገድ ማስረጃ አይሆንም። ሩቃውም ይቀራ፣ መድኃኒቱም ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሸሪዓ በሕመም ዐቅሉን ያጣን ሰው፣ ዐቅሉ እስኪመለስ ድረስ ከተጠያቂነት ነፃ አድርጎታል። አላህ ያልጠየቀውን ሰው እኛ የምንፈርድበት በየትኛው ሥልጣናችን ነው? እርሱ ስለ ሕመሙ አይጠየቅም። እኛ ግን እርሱን ስለያዝንበት አያያዝ እንጠየቃለን።

ወላሁ አዕለም።