የጠባቂው ጥያቄ

መካነ ሰላም ተወልጄ ዛሬ በእህቴ ኩላሊት እኖራለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላን በ2008 ዓ.ም. ጀመረ፤ የሳንባው ግን በአገራችን ገና ነው። ሳንባ ሲተከል የሰውነት ጠባቂ፣ የበሽታ መከላከያው፣ ፈተና ይብሳል፤ ቫይረስ ከትንፋሽ ጋር ይገባበታልና። ሳንባ ታጥቦ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ የሚለካ ሲኤክስሲኤል10 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቫይረስ ሲገባም፣ ሰውነት የተተከለውን ሲገፋም ይጨምራል። ውጊያ መኖሩን ይናገራል፤ ጠላቱን ግን ብቻውን አይለይም።

እኔም የእህቴን ኩላሊት እንዳይገፋ፣ ጠዋትና ማታ ታክሮሊመስ የሚባል መድኃኒት እየዋጥሁ ጠባቂዬን አደክማለሁ። በተወለድሁበት በቦረና ደጋ የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ሌባም በዚያው በር ይገባል። የጠባቂዬም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ታዲያ በሩ ይዘጋ?

የነፍስ አባቴ «ነፍስህ አደራ ናት» ይሉኛል። ሥጋዬንም እንደዚያው ማየት ጀምሬአለሁ። ለዚህ ነው ቅዳሴም ሆነ ገበያ ስሄድ ጭምብል የማጠልቀው፤ አደራ ተቀባይ እምነቱ የሚታወቀው በጥንቃቄው ነው።