መናገር ያልቻለው ልጅና የጥምቀት አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። በዚያች ሰዓት ሕፃኑ የሚናገርበት አንደበት የለውም። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክድለት፥ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመኑን የሚመሰክርለት የክርስትና አባቱ ነው። ካህኑም ከሕፃኑ አንዲት ቃል ሳይጠብቅ ያጠምቀዋል፤ 36 ሕዋሳቱን ቅዱስ ሜሮን ይቀባዋል፤ ማተብ ያስርለታል፤ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ያቀብለዋል። ቤተ ክርስቲያን ልጁን ልጄ ብላ ስትቀበለው እንዲናገር፥ ጸጥ ብሎ እንዲቆም፥ የሰው ዓይን እንዲመለከት አልጠየቀችውም። እንግዲህ ይኸው ልጅ 5 ዓመት ወይም 15 ዓመት በሞላው ጊዜ መናገር ቢሳነው፥ በቅዳሴ መካከል ቢጮኽ፥ እጁን ቢያርገበግብ፥ ከደጀ ሰላም የሚመልሰው ሕግ ከወዴት ይገኛል?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው በነቀምት በበከኒሳ ቀሴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎ፥ በሻምቡም ሆነ በሌላው ያገራችን ከተማ እንዲህ ያለ ልጅ ይዘው በዝምታ የሚኖሩ ወላጆች ስላሉ ነው። እናቲቱ ልጄ ያስቸግራል ብላ የጎረቤት ቡና ትተዋለች፤ ከዚያ የጽዋ ማኅበሩን፥ በመጨረሻም ቅዳሴውን ትተዋለች። ሰውም ሃይማኖቷ ቀዘቀዘ ይላታል፤ የቀረችው ግን ስለ ልጇ የሚባለውን መስማት አቅቷት ነው።

ኦቲዝም የሚባለው ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገር። ቃሉ ራስ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በሕፃናት ላይ የሚታየውን ጠባይ ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አገር በ1935 ዓ.ም. በሰፊው ጽፎ አስታወቀ። ኦቲዝም የአእምሮ አስተዳደግ ልዩነት ሲሆን፥ ከሰው ጋር በመነጋገርና በመግባባት ላይ፥ እንዲሁም ነገርን በመደጋገምና ለውጥን በመፍራት ላይ ይታያል። አንዳንዱ ልጅ ምንም አይናገርም፤ አንዳንዱ የሰማውን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳል፤ አንዳንዱ ብዙ ይናገራል፥ ነገር ግን የሰው ፊት ማንበብ ይቸግረዋል። እኛ የማንሰማውን ድምፅ የሚሰሙ፥ እኛ የማንቈጥረው የልብስ ሻካራነት የሚያቃጥላቸው አሉ። በወለጋ ክረምት በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናም ለእኛ እንቅልፍ ሲያመጣ፥ ለእንደዚህ ያለው ልጅ የመከራ ድምፅ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። እንግዲህ ይህ የአንድ ቤት ምሥጢር አይደለም፤ በየደብሩ ያለ ነገር ነው።

ስለ ምክንያቱ ብዙ ይባላል። ሊቃውንት መርምረው የደረሱበት ግን የትውልድ ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለውና ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነት፥ ምናልባትም ከማኅፀን መሆኑን ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከክትባትም አይመጣም። በሠለጠነው ዓለም ጭምር የእናት ፍቅር ማነስ ልጁን እንዲህ አደረገው ተብሎ ለብዙ ዓመታት እናቶች ተከሰሱ። ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህ አሳብ በማስረጃ እየተነቀፈ ሄዶ ዛሬ ሐሰት መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ አገር ሐኪም፥ በእኛ አገር ጎረቤት እናትን ከሰሰ፤ ክሱ ግን በሁለቱም ስፍራ እውነት አልነበረም።

በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። በአዲስ አበባ በሁለት የሕክምና ስፍራዎች፥ ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ከእነርሱ ከ100 አርባ የሚሆኑት የልጃቸውን ነገር የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ሲሉ፥ ከ100 ሃያ ሰባት የሚሆኑት የኃጢአት ውጤት ነው ብለዋል። ከ100 አርባ አምስቱ ስለ ልጃቸው ያፍሩ ነበር። ለካህናት ልብ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይህ የመገለልና የኀፍረት ስሜት በኦርቶዶክሳውያን ወላጆች ዘንድ ከሌሎቹ በዝቶ ተገኘ። መጽናናት ሊበዛበት በሚገባው ቤት ኀፍረት መብዛቱ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይኸውም ከወንጌል ትምህርት የመጣ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ፥ የራሱ ወይስ የወላጆቹ እንደ ሆነ ጌታን ጠየቁት። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ ጥያቄውን ዘጋው፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ መሆኑንም አስተማራቸው። ሙሴም አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ በተቸገረ ጊዜ እግዚአብሔር ለሰው አንደበትን የሰጠ ዲዳውንም የፈጠረ እርሱ መሆኑን አስታወሰው፤ ወንድሙን አሮንንም አፍ አድርጎ ሰጠው። እንግዲህ ጌታ የዘጋውን ጥያቄ መልሶ የሚከፍት፥ ለእናትየዋ ምን ሠርተሽ ነው የሚላት፥ ከመምህሩ በላይ ዐዋቂ መሆን የሚወድ ነው። ለሚናገር ሰው አፍ ያልሆነለት ልጅ አፍ መሆን ግን የአሮን አገልግሎት ነው፤ በጥምቀት ዕለትም የክርስትና አባት የተቀበለው አገልግሎት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮ እንመለስ። ወላጆች ሆይ፥ የልጃችሁ ጩኸት ብዙ ጊዜ ቃል ያጣ ንግግር መሆኑን ዕወቁ። ጥርሱን አሞት፥ ሆዱን ቆርጦት፥ ድምፅ በዝቶበት ወይም የለመደው ነገር ተለውጦበት ይሆናልና ከመቈጣት አስቀድማችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። በትር ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ ቃልን አይሰጥም። ስትናገሩት በአጭሩ ተናገሩ፤ መልሱንም ታግሣችሁ ጠብቁ። ቃሉን በዕቃ አሳዩት፤ ነጠላውን ስታሳዩት ቤተ ክርስቲያን መሄድን፥ ጀሪካኑን ስታሳዩት ውኃ መቅዳትን ይለምዳል። መነሣት፥ መታጠብ፥ መብላት፥ መተኛት በየዕለቱ በአንድ ሥርዓት ይሁን፤ ለውጥ ሲኖር አስቀድማችሁ አሳውቁት። መታጠብንም ሆነ መልበስን ሁሉን ባንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ አስተምሩት፤ ጥቂቱን በቻለ ጊዜ ደስታችሁን አሳዩት። ከቤት ወጥቶ የሚጠፋ ልጅ ከሆነ ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቀው አድርጉ፤ ወንዝና ጕድጓድ ባለበት ስፍራ ይህ የሕይወት ነገር ነው። ልጁን በቤት መሸሸግ ግን ጠባቂውን ያሳንስበታል።

ባለፉት ዓመታት በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተ ሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በሥርዓትና በልማድ የሚኖር ልጅ ቤቱንና መኝታውን ሲያጣ መከራው እጥፍ ነው፤ ተፈናቃዮችን የምትቀበሉ ሁሉ እንዲህ ላሉት ጸጥ ያለች አንዲት ማዕዘን አስቡላቸው።

ልጁ ወደ ጕርምስና ሲደርስ ጭንቀቱ ይለወጣል። ትናንት በክንድ ይታቀፍ የነበረው ዛሬ ከእናቱ ይበረታል። አንዳንድ ቤት በዚህ ጊዜ ልጁን በገመድ ወይም በሰንሰለት ያስራል፤ ከጭካኔ ሳይሆን ከረዳት ማጣት የሚመጣ ነው፤ ነገር ግን የእግዚአብሔር መልክ ያለበትን አካልና መንፈስ ይጎዳል። ስለዚህ ገና በልጅነቱ የሰውነቱን ለውጥ፥ ልብስ የሚወለቅበትን ስፍራና ጊዜ፥ ማን ሊነካው እንደሚገባና እንደማይገባ በሥዕልና በምሳሌ አስተምሩት። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባ ሳይደርስባት አስቀድማ ትወቅ። መናገር የማይችል ልጅ በክፉዎች እጅ ቢወድቅ ለመክሰስ አይችልምና ጥበቃው ይጽና። ቁመቱ የጐልማሳ ሆኖ ሳለ እንደ ሕፃን አትያዙት፤ ቡና መልቀም፥ እንጨት መደርደር፥ ግቢ መጥረግ የመሰለ የራሱ ሥራ ይኑረው። ሰው በሥራው ክብር ያገኛልና።

ስለ ጠበል ልንናገር ይገባናል። ጠበል የቤተ ክርስቲያን ጸጋ ነው፤ በእምነት የሚመጣ ሁሉ ይባረክበታል። ነገር ግን ውኃ በድንገት ሲነካው የሚሸበርን ልጅ አስሮ በግድ ማጥመቅ፥ ዝምታውንም ጋኔን ነው ብሎ በሕዝብ ፊት ማስጮኽ፥ ለልጁ ቍስል ለእናቲቱ ስድብ ይሆናል። ከእነዚህ ልጆች የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙዎች ናቸውና ጠበል ጀምሯል ተብሎ ከሐኪም የታዘዘው መድኃኒት ከቶ አይቋረጥ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ትምህርትና ትዕግሥት ግን ብዙ ይለውጣሉ። ይፈወሳል ብሎ ቀን ቈርጦ ተስፋ የሚሰጥ ሰው፥ ቀኑ ባለፈ ጊዜ ወላጆቹን እምነታቸው አነሰ ብሎ እንዲከስሳቸው መንገድ ያዘጋጃል።

ክቡራን አባቶች ካህናት ሆይ፥ የነፍስ አባት ሊያደርገው የሚቻለው ብዙ ነው። አንደኛ፥ ቤታቸው ሄዶ ይህ የኃጢአታችሁ ዋጋ አይደለም ብሎ በግልጥ ይንገራቸው፤ በቤት በሚነገረው ቋንቋ፥ በአፋን ኦሮሞ ለሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ይንገራቸው። ሁለተኛ፥ ልጁ ሕዝብ በሌለበት ቀን ወደ ቅጽሩ መጥቶ ስፍራውን፥ የዕጣኑን ሽታ፥ የከበሮውንና የጸናጽሉን ድምፅ ቀስ በቀስ ይልመድ፤ በቅዳሴ ጊዜ ከደጅ አጠገብ ወይም ከዛፍ ሥር ቢቆሙ ማንም አይገሥጻቸው። ለቍርባንም ጽዋውንና ዕርፈ መስቀሉን አስቀድሞ በሥዕል ያሳዩት። ሦስተኛ፥ ስለ ጾም፥ ከእነዚህ ልጆች ሁለት ሦስት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚቀበሉ አሉና የነፍስ አባት ለሕሙማን እንደሚፈቅድ ይፍቀድላቸው፤ እናትም በልጇ ምግብ ኅሊናዋ አይታወክ።

ማኅበረ ምእመናንም ድርሻ አላቸው። በማርቆስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው መጡ፤ ሕዝቡ በሩን ቢዘጋባቸው ጣሪያውን ነደሉ። ዛሬም የጽዋ ማኅበሩ፥ ሰንበቴው፥ እድሩ አራቱ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ልጁን የሚጠብቅ ሰው ቢገኝ፥ እናቲቱ ታስቀድሳለች፥ ወይም ትተኛለች። የክርስትና አባትም በጥምቀት ዕለት የሰጠው ቃል በክርስትና ድግስ እንዳላለቀ ያስብ።

አንዲት እናት የሠራችውን እናስታውስ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን በመለሱባቸው ጊዜ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስም የሌላውን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ አስተማሩ። በኋላም ነህምያ የተባለው ማዕከል በዚያው ከተማ ተነሣ። ነገር ግን ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከደምቢ ዶሎማ እጅግ ይርቃል። ድኃዋ እናት በየሳምንቱ ልትመላለስበት አትችልም። ደብር ግን በየሰፈሩ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት አለ፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ በከተማው ሐኪም አለ። ካህኑ ወላጆችን ወደ እነዚህ ቢመራ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ለአንድ ልጅ አንዲት ወንበር ቢያዘጋጅ፥ ያለ ብዙ ገንዘብ ብዙ ይሠራል።

ዓለም መጋቢት 24 ቀን በየዓመቱ የኦቲዝም መታሰቢያ አድርጎ ያስበዋል። ለእኛ ግን ልጆቹን የምናስብበት ቀን ጥምቀት በተፈጸመ ቍጥር ነው። ካህኑ ዝም ያለውን ሕፃን ከውኃው ባወጣው ጊዜ፥ የክርስትና አባትም በእርሱ ፈንታ በተናገረ ጊዜ፥ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አደራ ትቀበላለች። ዝምታው 40 ቀን ቢቈይ ወይም ዕድሜ ልክ ቢቈይ አደራው አንድ ነው።

አሳድጎ ለዚህ ያደረሰን አምላክ ለወላጆች ትዕግሥትን፥ ለካህናት ጥበብን፥ ለልጆቹም ዕድሜና ጸጋን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።