የመኪናው እድፍ ወዴት ሄደ?



የሰው ልጅ የቆሸሸውን ማጠብ የሚማረው ገና በሕፃንነቱ ነው፤ እጁን ከገበታ በፊት፣ ልብሱን ከበዓል በፊት፣ ዕቃውን ከምግብ በኋላ ያጥባል። አጥቦም ንጹሕ ሆኖ ባየው ጊዜ ሥራው የተፈጸመ መስሎት ፊቱን ወደ ሌላ ጉዳይ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ነገሩን ብንመረምረው ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ እናገኛለን፤ ይኸውም «እድፉ ወዴት ሄደ?» የሚል ነው። ውኃ እድፍን ከአንዱ አንሥቶ ወደ ሌላው ይወስደዋል እንጂ እንዳልነበረ አያደርገውም። ይህን ጥያቄ ዛሬ ቀላል በሚመስል ነገር፣ በመኪና እጥበት፣ ልንመረምረው አስበናል። ስለ ምን በመኪና ቢሉ፣ ነገሩ በየመንገዱ ዳር ዕለት ዕለት የሚታይ ስለ ሆነ፣ ደግሞም መኪናው እየረቀቀ፣ አጣቢውም ማሽን እየሆነ በሄደ መጠን ጥያቄው ከዓይናችን እየተሰወረ ስለሚሄድ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋው ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር፣ ከድብ ባሕርም ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ይህን ገደል ለመኪና ያስከፈተው የጣልያን መንግሥት በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ አቀበትና ቁልቁለት ወጥቶ ወርዶ የመጣ መኪና መልኩ አይለይም፤ በበጋ አቧራ ይለብሳል፣ በክረምት ጭቃ ይለጠፍበታል።

እንግዲህ አንዳንድ ሰዎች «ብረት ማጠብ ምን ይጠቅማል? ከንቱ መታየት አይደለምን?» ይላሉ። አይደለም። በሊማሊሞ ጉም ውስጥ የሚወርድ ሹፌር መብራቱ በጭቃ የተሸፈነ እንደ ሆነ ከፊቱ የሚመጣውን አያይም፤ እርሱም አይታይም። የፊት መስታወቱ የጎደፈበት ሰው የጀምበር ጨረር ሲያርፍበት ዕውር እንደ መሆን ነው። ጭቃው ከብረቱ ጋር ብዙ ጊዜ ከቆየም ዝገትን ያመጣል። ስለዚህ መኪናን ማጠብ የተሳፋሪን ሕይወት መጠበቅ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትንም ንብረት መንከባከብ ነው። ከንቱ የሚሆነው አንጸባራቂነቱን ለሰው ለማሳየት ብቻ በየቀኑ የታጠበ እንደ ሆነ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው መታጠብ ስለሚገባው መኪና ነው።

መኪና በአገራችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ባለበት ሁሉ አጣቢ አለ። በከተሞቻችን ይህን ሥራ የያዙት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ሳሙናና የውኃ ቱቦ ይዘው በመንገድ ዳር ይቆማሉ። ቦታውንም ከጣልያንኛ በመጣ ቃል «ላቫጆ» እንለዋለን። ብዙዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከዚሁ ሥራ ቤተሰብ ይረዳሉ።

በሌላው ዓለም ግን ሥራው ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ ማሽን ከተላለፈ ቆይቷል። በአሜሪካ በዴትሮይት ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 የመኪና ማጠቢያ ቤት በተከፈተ ጊዜ መኪናውን እየገፉ ከሳሙና ቀቢው ወደ አለቅላቂው የሚያሳልፉት ሰዎች ነበሩ። በ1962 ደግሞ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ሁለት ሰዎች በሚሽከረከሩ ብሩሾች የሚሠራ ማጠቢያ ፈልስፈው ለፈጠራ መብት አመለከቱ። ዛሬ በብዙ አገር መኪናው እንደ ዋሻ በተሠራ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ከሥር ያለው ሐዲድ ጎማውን ይዞ ይጎትተዋል፤ ውኃው ይረጫል፣ አረፋው ይወርዳል፣ ብሩሹ ይሽከረከራል፣ በመጨረሻም ብርቱ ነፋስ ያደርቀዋል። ባለመኪናው መስታወቱን ዘግቶ ከውስጥ ተቀምጦ ያልፋል። ጠብታ አይነካውም፤ አጣቢም አያይም።

ይህን በሚያህል ብልሃት መካከል ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዘመናዊው መኪና ብዙ ነገር በራሱ እንዲያደርግ ሆኖ የተሠራ ነው። ዝናብ የመሰለው እንደ ሆነ የመስታወት መጥረጊያውን ያንቀሳቅሳል፤ ከፊቱ እንቅፋት ያየ እንደ ሆነ በራሱ ፍሬን ይይዛል፤ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ወይም በሩን ሲከፍት ጎማውን ያስራል። እንግዲህ ይህ መኪና ወደ ማጠቢያው ዋሻ ሲገባ የሚረጨው ውኃ ዝናብ ይመስለዋል፤ የሚቀርበው ብሩሽ ግጭት ይመስለዋል፤ ማርሹ ፎሌ ሆኖ እንዲጎተት ሲፈለግ እርሱ ጎማውን አስሮ ይቆማል። መጥረጊያው ከብሩሹ ጋር ተያይዞ ሊሰበር፣ ከኋላ የሚመጣውም መኪና ሊጋጨው ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ፋብሪካዎች «የእጥበት ሥርዐት» የሚባል ልዩ ትእዛዝ በመኪናው ውስጥ አኑረዋል። ሹፌሩ ያን ሲነካ መስታወቶቹ ይዘጋሉ፣ ስፖኪዮው ይታጠፋል፣ መጥረጊያው ይተኛል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውም መኪና የኃይል መሙያ በሩን ይቆልፋል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ እንደነዚህ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በከተሞች በዝተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ማሽን የሚያየውን ያያል እንጂ ያየው ነገር ለምን እንደ መጣ አያውቅም። ሊያጥበው የመጣውንና ሊመታው የመጣውን አይለይም። ብሩሹም በበኩሉ የሚያጥበው ምን እንደ ሆነ፣ ያጠበበትም ውኃ ወዴት እንደሚወርድ አይጠይቅም። ሁለት ብልሆች ማሽኖች ተገናኝተው ሳለ አሁንም ማሰብ የሚገባው በመካከል የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው ግን ጠብታ ስላልነካው፣ አጣቢም ስላላየ፣ የሚያስብበት ነገር ያለ አይመስለውም። አደጋው በዚህ ነው፤ ድካሙን ያስቀረለት መሣሪያ ኀላፊነቱንም ያስቀረለት ይመስለዋል።

ኀላፊነቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ ሦስት ነው እንላለን፤ ለውኃው፣ ለአጣቢው፣ ከታች ላለውም ጎረቤት።

የመጀመሪያው ውኃው ነው። ከቱቦ በደቂቃ 10 ሊትር የሚወርድ ቢሆንና ቱቦው ሳይዘጋ 15 ደቂቃ ቢቆይ 150 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል ነው። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ለነበረው ጊዜ፣ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ውኃ ከ1 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ እንዲያገኝ ግብ አድርጎ ነበር። እንግዲህ ቱቦው ሳይዘጋ የታጠበው አንድ መኪና የስድስት ሰዎችን የቀን ድርሻ ጠጣ ማለት ነው። በጀርባዋ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ይህን ሒሳብ ከማናችንም ይልቅ ታውቀዋለች። እርግጥ ነው፣ በአንድ ከተማ ያልታጠበ መኪና በሌላው ቀበሌ ምንጭ አያፈልቅም። ነገር ግን ውኃው ከአንድ ጉድጓድ ወይም ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ በሆነበት ስፍራ የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት መሆኑ አይካድም። ይኸው ሥራ በቱቦ መሆኑ ቀርቶ በባልዲ ቢሠራ ሦስት ወይም አራት ባልዲ ይበቃዋል።

ሁለተኛው አጣቢው ነው። በደጋው ብርድ ጧት በማለዳ እጁን በቀዝቃዛ ውኃ የሚነክር ወጣት ሥራው ቀላል አይደለም፤ እግሩ ውሎ እርጥብ ነው፣ ሳሙናው እጁን ይሰነጣጥቀዋል። የጸጥታ ችግር መንገዱን ያቋረጠ እንደ ሆነ ደግሞ ባልዲውን ደፍቶ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሳለ ዋጋውን ለማሳነስ የምንከራከረው፣ ሲብስም በስሙ ሳይሆን በጥሪ ጩኸት የምንጠራው ጥቂቶች አይደለንም። እኛ ግን ማጠብ የውርደት ሥራ አለመሆኑን ከማንም ይልቅ ልናውቅ በተገባን ነበር። አባቶቻችን እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩን ማጠብን እንደ ክብር ሲቈጥሩ ኖረዋል። በጸሎተ ሐሙስም በየደብራችን የበላዩ ዝቅ ብሎ የታናሹን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባል። ይህን ሥርዐት በዐይኑ እያየ ያደገ ሰው የመኪና አጣቢውን ልጅ ቢንቅ፣ ያየውን አላስተዋለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ከታች ያለው ጎረቤት ነው። ከመኪና የሚወርደው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ የሞተር ዘይት፣ ቅባት፣ ከፍሬን የተፋቀ የብረት ብናኝ፣ ከጎማ የተላጠ ቅንጣት፣ ሳሙናውም ጭምር አብሮ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በወንዝ ዳር የታጠበ እንደ ሆነ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይገባል። በስሜን ተራሮች ግርጌ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የላይኛው ያፈሰሰው ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ የብዙው ጅረት መጨረሻም ተከዜ ነው። ከላይ የሚያጥብ ሰው ከታች የሚቀዳውን አያየውም፤ ከታች የሚቀዳውም ውኃውን ማን እንዳደፈረሰው አያውቅም። በተረታችን ጅቡ ከወንዙ በላይ፣ አህያይቱ ከታች ሆነው ሲጠጡ ጅቡ «ውኃውን አደፈረሽብኝ» ባላት ጊዜ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። በተረቱ ጅቡ ቢያንስ ምክንያት ይፈልግ ነበር፤ እኛ ግን የሚጠይቀን ስለሌለ ምክንያት እንኳ አንፈልግም።

እዚህ ላይ ለማሽኑ ልንፈርድለት የሚገባ ነገር አለ። በአግባቡ የተሠራ የማጠቢያ ቤት የወረደውን ውኃ በጉድጓድ ያጠራቅማል፤ ዝቃጩን ያስቀራል፣ ዘይቱን ይለያል፣ ውኃውንም አጣርቶ ደግሞ ይሠራበታል። በጀርመን አገር በብዙ ከተሞች ሰው መኪናውን በደጁ በሳሙና እንዳያጥብ ተከልክሎ ወደ እንደዚህ ያለው ቤት እንዲወስድ የሚደረገው ዘይቱ ወደ ምድር ውኃ እንዳይሰርግ ነው። ስለዚህ «የእጅ ሥራ የተቀደሰ ነው፣ ማሽን የረከሰ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። በወንዝ ውስጥ አቁሞ በእጅ የሚያጥብ ከማሽኑ ይልቅ ጎረቤቱን ይበድላል።

«እንግዲያስ ማሽኑ ወደ ደባርቅም ይምጣ?» ቢሉ፣ መልሳችን በሦስቱ ይመዘን የሚል ነው። ውኃን ቆጥቦ ዐሥር ወጣቶችን ያለ እንጀራ የሚያስቀር ማሽን እድፉን ከወንዙ አንሥቶ በዐሥር ቤት ደጃፍ ደፋው እንጂ አላጠፋውም። ዐሥር ወጣቶችን አብልቶ የመንደሩን ምንጭ የሚያበላሽ ላቫጆም እድፉን ከመኪናው አንሥቶ በሕፃናት ጽዋ ጨመረው። ሁለቱም ነውር ነው። በመካከል ያለው መንገድ ግን ውድ አይደለም፤ ማጠቢያውን ከወንዝ አርቆ መሥራት፣ ወለሉን በድንጋይ አንጥፎ ውኃውን ወደ ዝቃጭ ማስቀሪያ ጉድጓድ መምራት፣ ቱቦውን በማያስፈልግ ጊዜ መዝጋት፣ ቀን ሲመጣም መሣሪያውን የሚገዙት ራሳቸው የሚያጥቡት ወጣቶች በማኅበራቸው እንዲሆኑ መርዳት ይቻላል። ለዚህ የከተማው አስተዳደር ቦታ ይስጥ፤ ባለመኪናውም ጥቂት ብር ይጨምር።

«የእኔ አንድ መኪና ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ወንዝን ያደፈረሰ ሁሉ እንዲሁ ብሎ ነበር። ደግሞም ብዙው ነገር የሚገኘው በአንዱ እጅ ነው፤ አጣቢው ደንበኛው የሚፈልገውን ይሠራል። ደንበኛው «ፈጥነህ አንጸባርቅልኝ» ብቻ ካለው ፈጥኖ ያንጸባርቅለታል፤ «በባልዲ እጠብልኝ፣ ውኃውንም ወደ ወንዙ አትልቀቀው» ካለው ደግሞ እንዲሁ ያደርግለታል።

ይህ ነገር እኛን ካህናትንም ይመለከታል። አዲስ መኪና የገዛ ምእመን ጠበል እንድንረጭለት ሲጠራን ደስ ብሎን እንሄዳለን። ያን ጊዜ ስለ ፍጥነቱና ስለ ጥንቃቄው እንደምንመክረው ሁሉ፣ መኪናው ሲታጠብ ውኃው ወዴት እንደሚፈስ፣ አጣቢውም ስንት እንደሚከፈለው እንዲያስብ ብንመክረው ምክራችን ሙሉ ይሆናል። የየደብራችንና የየሀገረ ስብከታችን መኪናዎችም ምክሩን ቀድመው ይፈጽሙት፤ ምእመኑ የሚያየው እነርሱን ነውና። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቻችን በአካባቢያቸው ያለው ላቫጆ ውኃውን ወዴት እንደሚለቅ ተከታትለው ቢያዩ፣ ጉድጓድም በማስቈፈር ቢረዱ፣ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ያገኛሉ።

እንግዲህ መኪናችን ታጥቦ ቁልፉን በተቀበልን ጊዜ፣ አስቀድመን ዙሪያውን ዞረን የበሩንና የመስታወቱን ጥራት ከማየታችን በፊት፣ ከጎማው ሥር የሚወጣውን ጥቁር ውኃ በዓይናችን እንከተለው። ወደ ጉድጓድ ቢገባ አጣቢውን አመስግነን ዋጋውን ሳንከራከር እንክፈለው። ወደ ወንዝ ቢወርድ ግን የወንዙን ውኃ ከታች የሚቀዱትን ሰዎች እናስብ፤ ከመኪናው የወረደው እድፍ ገና የእኛ ነውና።